እጆቿ የተመለሱላት ሰሞን

ሰምሃል ሕመሙ ሲጀምራት ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ተስፋለምን ባገባች በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ስትነሳ የግራ እጇ የቀለበት ጣት አብጦ አገኘችው። ትንኝ ነክሷት ይሆናል ብላ ወደ ሥራ ሄደች። የምትሠራው ደምበል አካባቢ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ሌንስ ትገጥማለች፣ የተጣመመ ፍሬም ታቃናለች፣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ታጠብቃለች። ምሳ ሰዓት ላይ ጣቷ መጥቆር ጀመረ። አብራት የምትሠራው ኢኽላስ ወደ እጅ መታጠቢያው ወስዳ በፈሳሽ ሳሙና እያሸች፣ እያባበለች ቀለበቱን አወጣችላት።

"ሰሚ፣ ይሄ እኮ የትንኝ ነገር አይደለም" አለቻት። "ሐኪም ይየው።"

ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጇ ተከተለ፤ ከዚያ አንጓዋ፣ ከዚያ ጉልበቷ። ጠዋት ከአልጋ ወርዳ እግሯን መሬት ስታስነካ ጠጠር ላይ የቆመች ይመስላት ነበር። ሁሉም ሰው የየራሱን ነገራት። ሪህ ነው አሏት። ብርድ መትቷት ነው፣ ስልክ አብዝታ ነው፣ ሥጋ አብዝታ ነው አሏት። የጤና ጣቢያው የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ስሙን የነገረቻት ዶክተር ጽጌሬዳ የምትባል የመገጣጠሚያ ሐኪም ናት።

"ሪህ አይደለም፤ ብርድም አልመታሽም" አለቻት፣ ያበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ በቀስታ እየዳሰሰች። "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ከበሽታ ሊጠብቅሽ የሚገባው የራስሽ ሰውነት ተሳስቶ መገጣጠሚያሽን እያቆሰለው ነው።"

"መቼ ይድናል?"

"አይድንም፣ ሰምሃል። በመድኃኒት እንይዘዋለን። ከያዝነው ትኖሪያለሽ፣ ትሠሪያለሽ።"

መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ነበር። ሰምሃል ቅዳሜ ማታ ትውጥና እሑድን ሙሉ ሲያቅለሸልሻት ትውላለች። ቢሆንም እብጠቱ ቀነሰ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ጋብ አለ። ከዚያ በኋላ ቀኖቿ ደህና ቀንና ክፉ ቀን ተብለው ተከፈሉ፤ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ዓይኗን ገልጣ ጣቶቿን ለማጠፍ ስትሞክር ነው። ክፉ ቀን ከሆነ ተስፋለም ውሃ አሙቆ በጎድጓዳ ሳህን ያመጣላታል፤ እጆቿን ነክራ እስኪፍታቱ ትጠብቃለች። የሸሚዟን ቁልፍ እሱ ይቆልፍላታል።

መነጽር ቤቱ ውስጥ ካቻቢቴውን ትታ ደንበኛ ወደሚቀበሉበት ባንኮኒ ተዛወረች። ባለቤቱ ምክንያቱን ሲጠይቃት "ዓይኔ ደከመ" አለችው። እጄ አልታዘዝ አለ ከማለት ይሻላል ብላ ነው።

ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ባለመልቀቋ ከኋላ የቆመ ሰው "የዛሬ ልጆች" እያለ እስከ ኦሎምፒያ ሰደባት። ጉልበቷ እሳት ሆኖ ነበር። ከሁሉ የምትፈራው ደግሞ ሰላምታ ነበር። ሰው ሲጨብጣት እስከ ትከሻዋ ይሰማታል። ስለዚህ እጇ እንደ ረጠበ ሰው ክንዷን መስጠት ለመደች። የማያውቋት ኩራት ይመስላቸው ነበር።

ያኔ የሚኖሩት ካዛንቺስ፣ ከተስፋለም እናት ከአደይ መድኃኒት ጋር ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ አደይ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። ተስፋለም ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ሰምሃልም ረጅም መንገድ ስለማትችል፣ ሁለቱ ቂርቆስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራዩ። ሊፍት የለውም። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ እየቆመች ስልኳን የምታይ ትመስል ነበር፤ የምታየው ግን ነገር አልነበረም።

ልጅ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነሳችው እሷ ናት። ተስፋለም አንድም ቀን አልጠየቃትም። ሆቴሉ ውስጥ ሠርግ ሲኖር ግን ወደ ቤት ሲመጣ የሚያወራው ስለ ሙሽሮቹ ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ ስለሚሯሯጡት ሕፃናት እንደሆነ ልብ ብላለች። ለዶክተር ጽጌሬዳ ነገረቻት።

"ይህን መድኃኒት እየወሰድሽ ማርገዝ አይሆንም፤ ጽንሱን ይጎዳል" አለች ዶክተሯ። "አቁመሽ ሦስት ወር ትጠብቂያለሽ። በምትኩ ለጽንሱ የማያሰጋ ሌላ እሰጥሻለሁ። አንቺን ግን የዚህን ያህል ላይረዳሽ ይችላል።"

"ምን ያህል ላይረዳኝ?"

"ስታቆሚ ነው የምናውቀው።"

ግንቦት ላይ አቆመች። ክረምቱ ሲገባ አወቁት። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን መክፈት አቃታት፤ ከዚያ ማበጠሪያ መያዝ አቃታት፤ ከዚያ በር። አንድ ጠዋት ተስፋለም ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ቢያጣ ሲገባ፣ ልብሷን ግማሽ ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። መነሳት አቅቷት፣ መጥራት ደግሞ አፍራ ነበር። በብብቷ ገብቶ ሲያነሳት "ተወኝ፣ ራሴ እነሳለሁ" አለችው። እንደማትነሳ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ልጅ ለማግኘት መቀራረብ ነበረባቸው፤ መቀራረብ ደግሞ ያማት ነበር። ተስፋለም እንዳያሳምማት ፈርቶ ሲርቃት የጠላት ይመስላትና ይከፋታል። ሲቀርባት ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷ ይገባዋል፤ እሱም ዝም ይላል። በዚያ ክረምት በመካከላቸው ያልተነገረው ነገር ከተነገረው በዛ።

አደይ መድኃኒት በየወሩ በአሥራ አምስት ለቂርቆስ ከዳር ከተማ ይመጡ ነበር። ምራታቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። "ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ነው" ይሏታል መንገድ ላይ። "እናቱን ኢየሉጣን እሳት ውስጥ ያጽናናት እሱ ነው። እናትነትን እሱን ነው መለመን።" ጠበሉ በክረምት ብርድ በጀርባዋ ሲወርድ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ይጮኻል። ለአደይ ግን አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። በእምነት ማነስ ይተረጉሙታል ብላ ሠጋች።

ጥቅምት ላይ ማርገዟን አወቀች።

ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። መጀመሪያ ጠዋት ላይ ጣቶቿ ቶሎ መፍታታት ጀመሩ። ቀጥሎ ጉልበቷ ቀለለ። ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ቀን ነቅታ ከአልጋ ወርዳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ፣ ጫማዋን አሥራ ስታበቃ ነው እጇን ማሞቋን እንደረሳች ያወቀችው። እጆቿን አየቻቸው። አንጓዋ ላይ አጥንቷ ይታያል፤ ጣቶቿ ቀጭን ናቸው። የድሮ እጆቿ ነበሩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጨበጠች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች።

ዶክተር ጽጌሬዳ አልተገረመችም። "ብዙ እርጉዞች ላይ ይታያል። ሰውነት ልጁን ላለመግፋት ሲል ይረጋጋል። ከወለድሽ በኋላ ሊመለስ እንደሚችል ግን ከአሁኑ እወቂው።"

"ይመለስ" አለች ሰምሃል። "እስከዚያ ልኑርበት።"

ኖረችበትም። ነጭ ሽንኩርት ላጠች። አንሶላ በእጇ አጥባ ጠመዘዘች። ከደምበል እስከ ቂርቆስ በእግሯ መጣች። ለሰው ሁሉ እጇን ዘረጋች፤ የሕንጻውን ዘበኛ ጋሽ ባይሳን ሁለት እጁን ይዛ ስትጨብጠው "ዛሬ ምን ተገኘ?" ብሎ ሳቀ። መነጽር ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ባለሙያው በሌለበት አንዲት ሴትዮ ክንፉ የወለቀ መነጽር ይዘው መጡ። ነገ ይምጡ ልትላቸው የነበረችው ኢኽላስ ዞር ስትል ሰምሃል ካቻቢቴውን አንስታ ወንበር ስባለች።

"ሰሚ፣ ዓይንሽ ደክሟል አላልሽም እንዴ?" አለቻት ኢኽላስ ቀስ ብላ።

"ዓይኔ አልነበረም" አለች ሰምሃል። ብሎኗን በጣቷ ጫፍ አንስታ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገባቻት፣ አጠበቀቻት። ኢኽላስ "አውቄ ነበር" አለችና ወደ ባንኮኒው ተመለሰች።

ተስፋለም ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ጎንበስ ብሎ ሆዷ ላይ በትግርኛ የሆነ ነገር ያወራ ነበር። እሷ የተኛች እየመሰለች ትሰማዋለች፤ ድምፁን እንጂ ቃሉን አትለይም። በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። ለማንም ግን አልተናገረችም።

የካቲት ላይ፣ አምስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን አመማት። ሌላ ሴት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። ሰምሃል ግን ከሕመም ጋር መዋል የለመደች ሰው ናት። ሕመም ሲመጣ ዝም ብሎ ማሳለፍን፣ ፊትን ሳይቀይሩ ደንበኛ ማስተናገድን ዓመታት ተምራዋለች። በሽታው ከእንቅልፉ እየነቃ መሰላት፤ "ምነው ትንሽ በቆየ" አለች በልቧ። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ሲጠነክርም ባንኮኒው ላይ ተደግፋ መነጽር ትወለውል ነበር። ኢኽላስ ናት ከእግሯ ሥር ደሙን ያየችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሕፃኗ ሴት ነበረች። ለመኖር ጊዜዋ ገና ነበር።

ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ። ተስፋለም ከአንድ ዘመዱ ጋር ወስዶ ቀበራት። ሰምሃል የት እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት።

ሕመሙ ለመመለስ ብዙ አልቆየም። ተኝታ ሳለች፣ ዓይኗን ልትጠርግ እጇን ስታነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ከቀድሞው ብሶ ነው የመጣው፤ መንጋጋዋ ሳይቀር ያማት ስለነበር ያጎረሷትን ማኘክ ተቸገረች። ሰው ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። ከካዛንቺስ ተበትነው የሄዱት ጎረቤቶች ሳይቀሩ ከየአቅጣጫው መጡ። እየተቀባበሉ እጇን ይዘው ጨመቅ ያደርጋሉ፤ "ይተካልሽ" ይላሉ። እንባዋ ሲወርድ ለልጇ ይመስላቸዋል። ለልጇም ነበር፤ ለእጇም ነበር። የቱ ለየቱ እንደሆነ እሷም አትለየውም።

ዶክተር ጽጌሬዳ ዘንድ ስትሄድ መጀመሪያ የጠየቀቻት ይህንን ነው። "ወገቤን ሲያመኝ የዚህ በሽታ መስሎኝ ዝም ባልል ትተርፍ ነበር?"

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሷ አቀረበች። "በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ወር፣ ጠዋት መጥተሽም ቢሆን ላናተርፋት እንችል ነበር። ይህን ላጽናናሽ ብዬ አይደለም የምልሽ።"

ሰምሃል ሰማቻት። ያመነቻት ግን ግማሹን ነው።

"አሁን ሁለት መንገድ አለ" ቀጠለች ዶክተሯ። "የድሮውን መድኃኒት እንመልሳለን፤ ወይም ደግማችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ በሌላው እንቆያለን። ግን የቀኝ እጅሽ መገጣጠሚያ መበላት ጀምሯል። የተበላው አይመለስም።"

ያን ቀን ማታ ሳይሆን ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ተስፋለም ቁልፏን እየቆለፈላት ሳለ ነገረችው።

"መድኃኒቱን ልጀምር ነው።"

እጁ ቁልፉ ላይ ቆመ። "ዶክተሯ ሁለተኛ አይቻልም አለች?"

"አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ትንሽ ቆይተን...ማለቴ፣ እስክታገግሚ ብለን..."

"ተስፋ፣ ያን ክረምት ሁለተኛ አልችለውም። ብችለውም፣ መጨረሻው እንዲያ ከሆነ ከዚያ በኋላ አልነሳም።"

የቀረውን ቁልፍ ቆለፈላት። ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የለም፣ ወሬም የለም። ውሃውን አሙቆ ያቀርብላታል፣ ቁልፏን ይቆልፍላታል፣ ይሄዳል። ሰምሃል እንዲቆጣት ተመኘች። ትቶኝ ይሄዳል ብላ ማሰብ ጀመረች፤ ቢሄድ ምን ብላ እንደምትፈርድበት አላወቀችም። ልጅ እንደሚወድ እያወቀች ነው የወሰነችው።

ነገሩን አደይ መድኃኒት ከልጃቸው ሰሙ። አሥራ አምስት ሳይሆን በሌላ ቀን መጡ። ደረጃውን ወጥተው እያለከለኩ ሲገቡ ሰምሃል የሚሉትን አውቄዋለሁ ብላ ተቀመጠች። አሮጊቷ ነጠላቸውን አውልቀው አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"አልዋሽሽም ልጄ" አሉ። "የልጅ ልጅ ማየት እፈልግ ነበር። እስክሞት እፈልጋለሁ።"

"አውቃለሁ፣ አደይ።"

"ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ልጅ ስጣት ብዬ ነው ስለምን የነበረው። ሁልጊዜ እሱን ብቻ። ስለ እጅሽ አንድም ቀን አልለመንኩም።" ድምፃቸው ተሰበረ። "ጠበሉ ሲነካሽ ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። በረከት ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።"

አደይ ተነስተው አጠገቧ ተቀመጡ። እጇን ሊይዙ ዘርግተው ነበር፤ መለስ አደረጉና መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። ብዙ ተቀመጡ። ሲሄዱ "መድኃኒትሽን ዋጪ" አሏት በሩ ላይ። "እሱን ለኔ ተዪው፤ እናቱ ነኝ፣ አናግረዋለሁ።"

ምን እንዳሉት ሰምሃል አታውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ግን፣ የመጀመሪያውን ክኒን ውጣ ሲያቅለሸልሻት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሳለ፣ ተስፋለም መጥቶ ወለሉ ላይ በጀርባው ሶፋውን ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱን አታየውም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ማልቀሱን ያወቀችው። በሆስፒታሉም፣ ሰው ሲመጣም፣ ከቀብሩ ሲመለስም አላለቀሰም ነበር።

"ጠዋት ጠዋት ምን ትላት ነበር?" አለችው።

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ዝም ብዬ ነው። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ዛሬ ቀዝቅዟል፣ እናትሽ ተኝታለች፣ እንዳትረብሺያት። እንደዚያ።"

ያን ቀን ከቤት አልወጡም። ምሳም አልበሉም። እየመሸ ሲሄድ እሱ ተነስቶ የቀብሩን ቦታ ነገራት፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ዛፍ አጠገብ። እሷም አንድ ቀን ውሰደኝ አለችው።

መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው አልሆነም። እብጠቱ ቀነሰ፣ መንጋጋዋ ተላቀቀ፣ ደህና ቀኖች ተመለሱ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን ወደ ውጭ እንደተጣመሙ ቀሩ። ለመነጽር ቤቱ ባለቤት እውነቱን ነገረችው፤ ባንኮኒው ላይ የምትቀመጥበት ወንበር አስገባላት። ተስፋለም አሁንም ቁልፏን ይቆልፍላታል። እንደ ድሮው አያወራም፤ ሆቴሉ ውስጥ ሠርግ ሲኖር ሥራ በዝቶ ዋለ ይላታል እንጂ ሌላ አይጨምርም።

በዓመቱ ኢኽላስ ወለደች። ማርገዟን ለሰምሃል የነገረቻት እጅግ ዘግይታ፣ መደበቅ ሲያቅታት ነበር፤ እያለቀሰች። ሰምሃልና ተስፋለም ቄራ ቤቷ ድረስ ሊጠይቋት ሄዱ። ኢኽላስ ሰምሃልን ሶፋው ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለቱ ክንዶቿ ሥር ትራስ አደረገች፣ ሕፃኑን በትራሱ ላይ አስተኛችላት። ያዢው አላለቻትም። ተስፋለም አንድ ጊዜ አያቸውና መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ሕፃኑ ክብደቱ ትንሽ ነበር። ቢሆንም ሳይቆይ የቀኝ አንጓዋ መቃጠል ጀመረ፤ ሕመሙ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ትከሻዋ ወጣ። ከንፈሯን ስትነክስ ኢኽላስ አየቻት።

"ልቀበልሽ?"

"ትንሽ ይቆይ" አለች ሰምሃል።